«ግሬድ 5» ከ«ግሬድ 1» ለምን ይወደዳል? የኤሌክትሪክ እጣን ማጨሻ ለምታሠሩ ላኪዎችና ዩኒየኖች

የዛሬው ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። አሁን ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ለጠየቃችሁኝ አንድ ጉዳይ መልስ ልስጥ። ረዘም ስለሚል ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት፤ በተለይ እጣን የምትልኩና የእጣን አምራች ማኅበራትን ያቀፋችሁ ዩኒየኖች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጣንን በጆንያ ልኮ መቀመጥ የሰለቻቸው ላኪዎች በዝተዋል። ልክ ናቸው። እኛ በኩንታል የሸጥነውን ሌላው አበጥሮ፣ በትንሽ ቆርቆሮ አሽጎ፣ ከኤሌክትሪክ ማጨሻ ጋር በአንድ ካርቶን ከትቶ በግራም ይሸጠዋል። ስለዚህ «ለምን እኛው እዚሁ አናሽገውም?» የሚል ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ችግሩ የሚጀምረው ማጨሻው ላይ ነው። ገዢው «እጣኑ የሚያርፍበት ሳህን ከምንድን ነው የተሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ለአፍንጫ የሚቀርብ፣ የሚሞቅ ዕቃ ስለሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። ዕቃ አቅራቢው «ታይታኒየም» ይላል። ከዚያ «የትኛው ግሬድ?» ይከተላል። እኛ የቡናና የእህል ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ።

አንድ እጣን ላኪ ደንበኛዬ ፕሮፎርማ ይዞ ቃላሚኖ ድረስ መጣ። ሦስት መስመር አለው፦ ግሬድ 1፣ ግሬድ 2፣ ግሬድ 5። ዋጋውን ሳየው ግሬድ 5 ከሁሉም ይወደዳል። ሳቅሁ። «ሰውየው መስመር አቀያይሮ ነው የጻፈው፤ ሳይነቃ በፊት ግሬድ 1ን እዘዝ» አልኩት። አመነኝ፣ ስንት ዓመት በደረጃ ስነግድ ያየኝ ሰው ነው። ሳህኑንም፣ ሳህኑን የሚያቆመውን እግርም፣ ብሎኑንም ሁሉንም ከግሬድ 1 አሠራ። ሳህኑ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ብሎኑ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሲታሰር ጥርሱ ተላጠ። እግሩም ገና ከካርቶን ሳይወጣ ጎበጠ። ናሙናው የተላከለት ገዢ መለሰው። ምክሩ የእኔ፣ ወጪው የእሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩን ያነበብኩት፣ ብረት የሚሠሩ ሰዎችንም የጠየቅሁት።

በእኛ ሙያ ቁጥር ማዕረግ ነው። ቡና ደረጃ 1 ከደረጃ 4 ይበልጣል፤ ማንም አይከራከርም። የትግራይ እጣንም እንደዚያው ነው። ትልልቁና ነጩ እንክብል 1 ላይ ይቀመጣል፣ እያነሰና እየጠቆረ ይወርድና ዱቄቱና ልጣጩ 5 ላይ ያርፋል። ስለዚህ «ግሬድ 5» የሚል ቃል ስንሰማ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የጆንያ ግርጌ ነው።

የታይታኒየም ቁጥር እንዲህ አይነበብም። የቤት ቁጥር በሉት። 5 ቁጥር ቤት ከ1 ቁጥር ቤት አያንስም፣ አይበልጥምም፤ ሌላ ቤት ነው፣ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ቁጥሩን ያወጣው ኤኤስቲኤም የሚባለው የአሜሪካ የስታንዳርድ ድርጅት ሲሆን እያንዳንዱ ቁጥር የሚናገረው ብረቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ነው።

ከ1 እስከ 4 ያሉት ያልተቀላቀለ ታይታኒየም ናቸው፤ 99 ከመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ራሱ ታይታኒየም ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአብዛኛው የኦክስጅን መጠን ነው። ግሬድ 1 እስከ 0.18 ከመቶ፣ ግሬድ 2 እስከ 0.25፣ ግሬድ 3 እስከ 0.35፣ ግሬድ 4 እስከ 0.40 ይፈቀድለታል። ይቺ ቅንጣት ኦክስጅን ቀላል እንዳትመስላችሁ፤ በጨመረች ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል፣ መታጠፍና መለጠጥም ይቀንሳል። ግሬድ 1 ከሁሉም ለስላሳው ነው።

ግሬድ 5 ቅይጥ ነው። 6 ከመቶ ገደማ አሉሚኒየምና 4 ከመቶ ገደማ ቫናዲየም አለበት። የአውሮፕላን አካል የሚሠራበት እሱ ነው። ሳይጎብጥ የሚሸከመው ዝቅተኛ ጫና 828 ሜጋፓስካል ሲሆን የግሬድ 2 በ275፣ የግሬድ 1 ደግሞ በ138 ይጀምራል። ማለትም ግሬድ 5 ከግሬድ 1 ስድስት እጥፍ ይጠነክራል። የደንበኛዬ ብሎን ለምን እንደተላጠ አሁን ገባችሁ። ፕሮፎርማውም አልተሳሳተም ነበር። መቀላቀሉም፣ መዳመጡም፣ መቆረጡም ስለሚከብድ ነው የሚወደደው።

እና ታዲያ ሁሉንም ከግሬድ 5 እናሠራ? አይሆንም። እሱም ሌላ ስህተት ነው።

ሳህኑ ከስስ ላሜራ በፕሬስ ተገፍቶ ጎድጓዳ ይሆናል። ግሬድ 5 በቀዝቃዛው ሲገፋ ይሰነጠቃል፣ ወይም እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ቅርፁን ይለቃል፤ በትክክል ለመቅረፅ ብዙ ጊዜ ማጋል ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ወጪ ነው። ግሬድ 1 እና 2 ግን በቀዝቃዛው ይታዘዛሉ። ሳህኑ በጣም ጥልቅ ከሆነ 1፣ መካከለኛ ከሆነ 2። ብዙ ቦታ ተዘጋጅቶ የሚገኘውም ግሬድ 2 ስለሆነ በአጭር ጊዜና በትንሽ መጠን ማዘዝ ይቻላል። ለእጣን ሳህን የእኔ ምርጫ ግሬድ 2 ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ይህን ብዙ አቅራቢ አይነግራችሁም። ታይታኒየም ሙቀትን በደንብ አያሠራጭም። አሉሚኒየም ሙቀት የሚያሳልፍበት ቁጥር 200 በላይ ነው፤ ያልተቀላቀለ ታይታኒየም 20 አካባቢ ነው፣ ግሬድ 5 ደግሞ 7 እንኳ አይሞላም። ትርጉሙ ምንድን ነው? ከሥር የሚያሞቀው ኮይል መሃል ላይ ብቻ ከሆነ የሳህኑ መሃል ይንገበገባል፣ ዳሩ ይቀዘቅዛል። መሃል ያለው እጣን ሲያር ዳር ያለው ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ያልሟሸ ምጣድ ላይ እንጀራ የጋገረች ሁሉ ታውቀዋለች፦ መሃሉ ያረረ፣ ዳሩ ሊጥ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የታይታኒየሙን ሳህን ስስ አድርጎ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ፣ ከሥሩ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ዲስክ ማስቀመጥ። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ያከፋፍላል፣ ታይታኒየሙ እጣኑን ይይዛል። እጣኑ አሉሚኒየሙን አይነካውም። የሙቀት መቆጣጠሪያው ሴንሰርም አሉሚኒየሙን መንካት አለበት። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የተተወ ሴንሰር አይቻለሁ፤ እሱ «150 ነው» ሲል ሳህኑ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ።

በአንጻሩ ግሬድ 5 ሙቀት አለማሳለፉ ለእግሩና ለአንገቱ በጎ ነው። ሳህኑ እየሞቀ እጅ የሚነካው ቦታ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። ጥንካሬውም ለጥርስና ለብሎን ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማጨሻ ውስጥ ሁለት ግሬድ መኖሩ ግራ አያጋባችሁ። የሚገፋውና የሚሞቀው ግሬድ 2፣ የሚሸከመውና የሚታሰረው ግሬድ 5። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ ታይታኒየም ከታይታኒየም ጋር ሲፋተግ ይነካከሳል። ብሎኑም ማቀፊያውም ታይታኒየም ከሆኑ ተጣብቀው አንፈታም ሊሉ ይችላሉ። አንዱን ከስቴንለስ ማድረግ ይሻላል።

አሁን ገዢዎች ስለሚያነሱት ፍርሃት። «ግሬድ 5 ውስጥ ቫናዲየም አለ፣ ቫናዲየም መርዝ ነው፣ እጣን ሲጨስ አብሮ ይተነፈሳል» የሚል ወሬ ይዞራል። የቫናዲየም ኦክሳይድ አቧራና ጢስ ጎጂ መሆኑ እውነት ነው፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በቅይጡ ውስጥ ተቆልፎ ያለ ቫናዲየም በ200 ዲግሪ ተነስቶ አይበርም። የዚህ ኦክሳይድ መቅለጫ ብቻውን 690 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብረቱን ፊት የሚሸፍነውም በዋናነት የታይታኒየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ለሳህኑ ግሬድ 2ን የመረጥኩት ከፍርሃት አይደለም፤ ለመቅረፅ ስለሚመች፣ ሙቀት ስለሚያሳልፍ፣ ስለሚረክስም ነው። ደግሞ ከገዢ ጋር ስለ ቫናዲየም ከመከራከር «ሳህኑ ውስጥ የለም» ብሎ መዝጋት ለነጋዴ ይቀላል።

ሌሎች ቁጥሮችም ይቀርቡላችኋል። ግሬድ 23 የግሬድ 5 የጠራ ዓይነት ነው፣ አጥንት ውስጥ ለሚገባ ብረት የሚመረጥ፤ «ሕክምና ደረጃ» እያሉ ያስወድዱታል። ለእጣን ማጨሻ ትርፍ ወጪ ነው። ግሬድ 7 ፓላዲየም ተጨምሮበታል፣ ለአሲድ ፋብሪካ ነው፤ የፓላዲየም ዋጋ የምትከታተሉ ዋጋውን ትገምታላችሁ። ግሬድ 9 በአብዛኛው ለቱቦ ነው፣ ለብስክሌት ፍሬም እንኳ ይውላል። እለፉት።

ከቻይና የምታዝዙ ደግሞ ሌላ ስም ያጋጥማችኋል። ቲኤ1 ከግሬድ 1፣ ቲኤ2 ከግሬድ 2፣ ቲሲ4 ከግሬድ 5 ጋር ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ አቅራቢዎች ሻንዢ ክፍለ ሀገር ባኦጂ ከተማ ናቸው፤ ከተማዋ የታይታኒየም ሸለቆ እየተባለች ነው የምትጠራው። ፕሮፎርማው ላይ ሁለቱም ስም ይጻፍላችሁ።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበል፣ የቻናላችን ሥራ ስለሆነ። መዳብን ወይም አሉሚኒየምን ለንደን ላይ ከፍታችሁ እንደምታዩት ታይታኒየምን አታዩትም። የለንደን የብረታ ብረት ገበያ ላይ አይነገድም። እንደ እጣናችን ነው፣ ዋጋው ገዢና ሻጭ ስልክ ላይ የሚስማሙበት ነው። ከመሬት የሚወጣው የታይታኒየም ማዕድን ከ10 እጁ 9ኙ ብረት እንኳ አይሆንም፤ ነጭ ቀለም ይሆናል። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ነጭ ቀለም እሱ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ክዋሌ ላይ ይህን ማዕድን ስትልክ ቆይታ የማዕድን ቁፋሮው በ2024 መጨረሻ ቆሟል። ወደ ብረት የሚለወጠው ትንሹ ክፍል ክሮል በሚባል ረጅምና ኃይል በሚበላ ሂደት መጀመሪያ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ይሆናል፣ ከዚያ በአየር አልባ ምድጃ ይቀልጣል። ውድነቱ ከብርቅነቱ ይልቅ ከዚህ ሂደት ነው። ስለዚህ «የዓለም ዋጋ ጨመረ» ብሎ አቅራቢ ሲያስፈራራችሁ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ እንጂ የሚያሳያችሁን ሰንጠረዥ አትመኑ።

እዚህ ላይ የማይወደድ ነገር ልናገር። ሁላችሁም ታይታኒየም አያስፈልጋችሁም።

በ200 ዲግሪ ለሚሠራ ሳህን 304 የሚባለው ስቴንለስ በደንብ ይሠራል፣ ዋጋውም በእጅጉ ይቀንሳል። ታይታኒየም የሚያሸንፈው በሦስት ነገር ነው። ቀላል ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲሜትር 4.5 ግራም ሲመዝን ስቴንለስ 7.9 ነው። ኒኬል የለበትም፤ 304 ውስጥ 8 ከመቶ ገደማ ኒኬል ስላለ ኒኬል የሚያሳክካቸው ገዢዎች አይወዱትም። ሦስተኛው ስሙ ነው፣ ስም ደግሞ ይሸጣል። ገዢው ታይታኒየም ካላለና ካልከፈለበት 304 ስጡት። ለአገር ውስጥማ የሸክላ ማጨሻችንን የሚያክል የለም፤ ሙቀት ይይዛል፣ ግሬድም አይጠየቅበትም።

ከሰል ላይ የሚቀመጥ ማጨሻ ከሆነ ደግሞ ታይታኒየምን እርሱት። የጋለ ፍም 500 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። ታይታኒየም በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ የሚመቸው እስከ 400 ዲግሪ ገደማ ነው። 600ን ሲያልፍ ኦክስጅን ወደ ውስጡ እየሰረገ ፊቱ ይደርቃል፣ ነጭ ቅርፊት እያራገፈ ይሰባበራል። መቅለጫው 1,668 ዲግሪ ነው ብሎ የሚያወራችሁ ሻጭ አልዋሸም፤ ግን ብረት ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎ ይበላሻል።

የኤሌክትሪኩ ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው። የእኛ እጣን ዘይቱ ውስጥ ዋናው መዓዛ ሰጪ ኦክቲል አሲቴት የሚባል ነገር ነው፣ መፍያው 211 ዲግሪ። አብሮት ያለው ኦክታኖል በ195 ይፈላል። መዓዛው እንግዲህ ከዚያ በታችም ቢሆን ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከ150 እስከ 200 ባለው ውስጥ ጥሩ ሽታ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ ሙጫው ያራል፣ ጢሱ ይወፍራል፣ ሽታውም ወደ ተቃጠለ ነገር ይሄዳል። ቡና ሲያር ማለት ነው። ስለዚህ ለግሬዱ ከምትጨነቁት በላይ ለሙቀት መቆጣጠሪያው ተጨነቁ። ግሬድ 2 ሳህን በ300 ዲግሪ ከሚሞቅ 304 ሳህን በ180 ቢሞቅ ለአፍንጫም ለሳንባም ይሻላል።

ስለ ሳንባ ካነሳን፦ ካርቶናችሁ ላይ «ከጉዳት ነፃ ጢስ» ወይም «ለጤና ተስማሚ» ብላችሁ አታትሙ። የትኛውም ግሬድ ጢስን ጢስ ከመሆን አያድነውም። እጣን ሲጨስ ደቃቅ ብናኝ አለ፣ መስኮት መከፈት አለበት። «ታይታኒየም ስለሆነ ንጹህ ነው» የሚለው አነጋገር የመጣው ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሻጮች ነው። እነሱን ከጠቀስኩ አይቀር፣ አንዳንድ አቅራቢ «በዚያው ካርቶን ቬፕ ልጨምርላችሁ» ይላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ሺሻን ከልክሏል። የእጣን ማጨሻችሁ ከእነሱ ጋር አንድ ጭነት ውስጥ ከተገኘ ጉምሩክ ላይ የምትሰጡትን መልስ ከአሁኑ አስቡበት።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እዚህ እኛ ጎበዞች ነን።

ላሜራው ከተዳመጠበት ፋብሪካ የሚወጣ ሚል ሰርተፊኬት የሚባል ሰነድ አለ። እንደ ቡና የጥራት ሰርተፊኬት አስቡት። ላሜራ ከሆነ ኤኤስቲኤም ቢ265፣ ዘንግ ከሆነ ቢ348 የሚል መጻፍ አለበት። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጠን በቁጥር ይቀመጣል። ለግሬድ 2 ኦክስጅኑ ከ0.25፣ ብረት ከ0.30፣ ካርቦን ከ0.08፣ ሃይድሮጅን ከ0.015 ከመቶ መብለጥ የለበትም። ሰነዱ ላይ «ሂት ነምበር» የሚል ቁጥር አለ፤ አንድ ጊዜ አብሮ የቀለጠ ብረት መለያ ነው፣ የእኛ ሎት ቁጥር ማለት ነው። ያ ቁጥር ላሜራው ላይም ታትሞ መገኘት አለበት። ሰነዱ ላይ አንድ ቁጥር፣ ዕቃው ላይ ሌላ ከሆነ ሰነዱ የሌላ ሰው ነው። በአውሮፓ አጻጻፍ «ኢኤን 10204 ዓይነት 3.1» የሚል ጠይቁ፤ ይህ ማለት ፈተናው በዚያው ሎት ላይ ተደርጎ፣ ከምርት ክፍሉ ነፃ በሆነ የፋብሪካው ፈታሽ ተፈርሟል ማለት ነው። «2.1» የሚል ካመጡላችሁ ቁጥር የሌለው የቃል ማረጋገጫ ነው።

በኤልሲ የምትከፍሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ብዙ ሰው የዕቃው መግለጫ ላይ፣ 45ኤ ላይ፣ «ታይታኒየም ግሬድ 2» አስጽፎ እፎይ ይላል። ባንክ ግን ዕቃ አያይም፣ ሰነድ ነው የሚያየው፤ ዩሲፒ 600 የሚለው ይህንኑ ነው። ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ ያንኑ ቃል ከገለበጠ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ ካርቶኑ ውስጥ ጣሳ ቢኖርም። ሰርተፊኬቱ 46ኤ ላይ በተፈላጊ ሰነድነት መግባት አለበት፣ ከነስታንዳርዱ ስምና ከነሂት ነምበሩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ባለው የምንዛሪ ዋጋ አንድ የተበላሸ ጭነት በብር ስንት እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባስ? ማግኔት አይረዳችሁም። ታይታኒየም ማግኔት አይስበውም፣ 304ም አይስበውም፣ አሉሚኒየምም አይስበውም። ማግኔት ከሳበው ግን ነገሩ አልቋል፣ መልሱት።

የሚረዳችሁ ሚዛን ነው። ግራምን በነጥብ የሚያነብ የወርቅ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ቀጭን ክር። መጀመሪያ ሳህኖቹን በደረቁ መዝኑ፤ ሦስት ሳህን አንድ ላይ 18 ግራም መጣ እንበል። ከዚያ ብርጭቆውን ከነውኃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳህኖቹን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አስገቡ፣ ወለሉንና ግድግዳውን ሳይነኩ፣ የአየር አረፋ ሳይዙ። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙ። 4 ካሳየ 18ን ለ4 ስታካፍሉ 4.5፣ ታይታኒየም ነው። 2.3 ካሳየ ስቴንለስ ነው። 6.7 ካሳየ አሉሚኒየም ቀለም ተቀብቶ ነው። ይህን ፈተና ቡና ቀማሽ ጓደኛዬ ፊት ሠርቼ «ከምላስህ ይሻላል» ብዬው ተጣልተናል።

ይህ ዘዴ «ታይታኒየም የተቀባ» የሚባለውንም ያጋልጣል። ወርቃማ ቀለም ያለው አንጸባራቂ ሳህን ብዙ ጊዜ በስቴንለስ ወይም በአሉሚኒየም ላይ የተለበጠ የታይታኒየም ናይትራይድ ቅብ ነው፣ ውፍረቱ ከሚሊሜትር ሺህኛ ጥቂት። ቅቡ መጥፎ ነገር አይደለም፣ መጥፎው በታይታኒየም ዋጋ መሸጡ ነው።

በሚዛን ግን ግሬድ 2ን ከግሬድ 5 መለየት አትችሉም። አንዱ 4.51፣ ሌላው 4.43 ነው፤ የእኛ ሚዛንና ክር እዚያ አይደርስም። እዚህ ላይ በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ ያስፈልጋል፣ ወርቅ ገዢዎች ጋ የምታዩት ዓይነት። የሚጠቀሙበት ሰው ለታይታኒየም የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጥላችሁ። ቫናዲየም 4 አካባቢ ካሳየ ግሬድ 5 ነው፣ ካላሳየ ያልተቀላቀለው ነው። ይህ መሣሪያም ወሰን አለው፤ ኦክስጅንን አያይም። ግሬድ 1ን ከግሬድ 2 አይለይላችሁም። ለዚያ ያላችሁ የፋብሪካው ሰርተፊኬት፣ ወይም ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ጋራዥ ወስዳችሁ ሞላ ላይ ብታስነኩት ደግሞ ዓይን የሚወጋ ነጭ ፍንጣሪ ይሰጣችኋል፣ ከብረት ቢጫ ፍንጣሪ ጋር አይምታታም። ግን በጥንቃቄ። የታይታኒየም ብናኝና ስስ ፍቅፋቂ እሳት ይይዛል፣ ከያዘ ደግሞ ውኃ አይደፋበትም፤ ይብሳል። ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን። ቶርኖ ላይ የምታሠሩም ለባለሙያው ይህን ሳትነግሩ ሥራ አትስጡ፣ ፍቅፋቂውም ከሌላው ጋር ጥግ ተከምሮ አይደር።

ዕቃው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ፈተና የቀማሾች ፈተና ነው። እጣን ሳታደርጉ ባዶውን ማጨሻ እስከ ከፍተኛው ሙቀት ግማሽ ሰዓት አሙቁትና አሽትቱ። ምንም መሽተት የለበትም። የፕላስቲክ፣ የማስቲሽ ወይም የጎማ ሽታ ከመጣ ጥፋቱ የታይታኒየሙ አይደለም፤ ከሥር ያለው ማጣበቂያ ወይም የሽቦው ሽፋን ነው። ብዙ ገዢ «ብረቱ ይሸታል» ብሎ የሚመልሰው ይህንን ነው። ክሮም የተለበጠ ነሐስ አንገት ላይ ካለም ጠይቁ፤ በቶርኖ የሚሠራ ነሐስ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፣ እጣን በሚያርፍበት ሙቅ ቦታ ላይ እንዲኖር አንፈልግም።

ከወር በኋላ ሳህኑ ቡናማ ሆነ ብሎ የሚደውል ደንበኛም አይጠፋም። ለእሱ የምትሰጡት መልስ ይህ ነው። የእጣኑ ሙጫ በለብ ያለ ውኃ ይለቃል፣ ሬዚኑ በአልኮል ይለቃል፤ በሁለቱም ይጥረገው። በሽቦ ብሩሽ አይፈትገው፣ የብረቱ ብናኝ ሳህኑ ላይ ቀርቶ ይዝጋል። ተጠርጎ ንጹህ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ከተጠረገ በኋላ የገለባ፣ የሐምራዊ ወይም የሰማያዊ ቀለም ከቀረ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ሙቀት የፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሳህኑ ምንም አልሆነም። ቀለሙ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ማጨሻው 300ን አልፏል፣ ቴርሞስታቱ አይሠራም። ሳህን ሳይሆን ቴርሞስታት ቀይሩለት።

ደንበኛዬ በሁለተኛው ዙር ሳህኑን ከግሬድ 2፣ እግሩንና ብሎኑን ከግሬድ 5፣ የብሎኑን ማቀፊያ ከ304 አሠርቷል። ከእያንዳንዱ ሎት ሁለት ሳህን ለማመሳከሪያ አስቀርቶ፣ ሂት ነምበሩን በእስክሪብቶ ጽፎ፣ ልክ እንደ ቡና ናሙና መደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል። ናሙናው ገዢው ጋ ደርሷል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። ፕሮፎርማ ደርሷችሁ ቁጥሩ ግራ የገባችሁ ካላችሁ የዋጋውን መስመር ሸፍናችሁ ፎቶውን በውስጥ ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። የሰሊጥና የእጣን ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ።